አምስት ማንኪያ ጨው፣ ሦስት ሃይላንድ፦ የእበት ባክቴርያ ጂኑን ሲከፍትና ሲዘጋ ቤት ውስጥ እንዴት ማየት ይቻላል

በየአራት ቀኑ አንድ አንድ ማንኪያ ጨው የገባበት ጠርሙስና አምስቱ ማንኪያ ባንዴ የተገለበጠበት ጠርሙስ መጨረሻ ላይ የሚይዙት ጨው እኩል ነው። አፋቸው ላይ የተጠለቀው፣ ሕዋሳቱ በሚያወጡት ጋዝ የሚነፋው ፊኛ ግን እኩል አይነፋም። ልዩነቱን የሚያመጣው ጊዜ ነው። አየር በሌለበት የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት አደጋው መምጣቱን ለማወቅ፣ የሚያስፈልገውን ጂን (ፕሮቲን የመሥሪያ መመሪያ የያዘውን የዲኤንኤ ክፍል) ለመክፈትና መከላከያውን ሠርተው ለመጨረስ ጊዜ ይፈልጋሉ። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያሻም። እበት፣ እምቦጭና ትዕግሥት ይበቃሉ፤ በጠቅላላው ሁለት ወር ያህል ይፈጃል።

የሚሰበሰበው

ባለ 2 ሊትር ሦስት ባዶ ሃይላንድ፣ ሦስት ተመሳሳይ ፊኛ፣ ፕላስተር፣ ክር፣ ባልዲ፣ ትኩስ የከብት እበት፣ ጨው፣ እምቦጭ፤ ከተገኘ ደግሞ ፈርስ።

እምቦጩን ለመልቀም ጣና ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ። በታንኳ የሚመለስ ዓሣ አጥማጅ አንድ እቅፍ እንዲያመጣላችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። ቅጠሉንና አገዳውን ብቻ ውሰዱ፤ ሥሩንና አበባውን ወደ ሌላ ውሃ ይዞ መሄድ አረሙን ማዛመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ጉልበት እንደፈሰሰበት የምታውቁት ነው።

ፈርስ የምንፈልገው የላም ሆድ ራሱ ሙቅና አየር አልባ ስለሆነ ነው፤ የምንሻቸው ሕዋሳት እዚያ ሞልተዋል። ቅርጫ በሚታረድበት ቀን መለመን ይቻላል። በሁዳዴ ከጀመራችሁ ማግኘቱ ይቸግራል፤ እበቱ ብቻውንም ይሠራል፣ ግን ይዘገያል። ውሃው የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲተን አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ ይደር።

መበጥበጥና መዝጋት

ስድስት የሻይ ብርጭቆ እበት፣ ሦስት ብርጭቆ በደቃቁ የተከተፈ እምቦጭ፣ ሁለት ብርጭቆ ፈርስና ዘጠኝ ብርጭቆ ያህል ውሃ አንድ ባልዲ ውስጥ በጥብጡ። ለየጠርሙሱ ለየብቻ አትበጥብጡ፤ መነሻቸው ካልተመሳሰለ ኋላ የሚታየው ልዩነት የጨው ይሁን የእበት አይታወቅም። እምቦጩም በደንብ ይድቀቅ። እኔ መጀመሪያ ስሞክር አገዳው የጠርሙሱን አንገት ወትፎት ሌሊት ፊኛው ተስፈንጥሮ ቤቱ ለሦስት ቀን ሸቷል።

የጠርሙሱ ሲሶ ባዶ እስኪቀር ሙሉ፣ ፊኛውን አፉ ላይ አጥልቁ፣ በፕላስተር አጥብቁ፣ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። ብርሃን ካገኘ ዋቅላሚ (አልጌ) ይበቅልና ኦክስጅን ያመርታል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል። ጋዝ የሚሠሩት ሕዋሳት ደግሞ የሚመቻቸው 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጠርሙሶቹን ጭድ በተሞላ ካርቶን ውስጥ ማኖር ይጠቅማል።

በምትበጠብጡበት ጊዜ አየር ገብቷል። ለእነዚህ ሕዋሳት ኦክስጅን መርዝ ነው፤ ብረት ያዘሉ ኢንዛይሞቻቸውን ያበላሻል፣ ሕዋሱ ውስጥም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ይፈጥራል። ክሎስትሪዲየም አሴቶቡቲሊከም የተባለው ባክቴርያ ለዚህ ፐርአር የሚባል ፕሮቲን አለው። በደኅናው ቀን ፐርአር ዲኤንኤው ላይ፣ ከመከላከያ ጂኖቹ ደጃፍ ተቀምጦ እንዳይነበቡ ይዘጋል። ፐርኦክሳይድ ሲመጣ ፕሮቲኑ የያዘው ብረት ከመርዙ ጋር ተዋህዶ ፕሮቲኑን ራሱን ያበላሸዋል፤ ቅርጹ ይለወጥና ከዲኤንኤው ላይ ይለቃል። ያኔ ጂኖቹ ይነበባሉ፤ ኦክስጅንንና ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃ የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይሠራሉ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ መዝጊያውን የሚከፍተው ራሱ መርዙ ነው።

ተመራማሪዎች የፐርአርን ጂን ከባክቴርያው ሲያጠፉት አየርን ይበልጥ የሚችል ሆነ፤ መከላከያው ሁልጊዜ ክፍት ነበራ። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ከፍቶ አይኖርም? ፕሮቲን መሥራት ጉልበት ይበላል። በግንቦት ቀትር ባሕር ዳር ላይ ጋቢ ደርቦ የሚሄድ የለም።

የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት

ፊኛው ቶሎ ሊነፋ ይችላል፤ አትደሰቱ። የመጀመሪያው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በዚህ ጊዜ አብላዪዎቹ ባክቴርያዎች አሲድ ያመርታሉ። አሲዱን በልተው ሜቴን የሚሠሩት ግን ባክቴርያ ሳይሆኑ አርኬያ የሚባሉ ሌላ ወገን ናቸው፤ የሚባዙትም በዝግታ ነው። አብላዪዎቹ ከቀደሙ ብጥብጡ ቀኑ እንዳለፈበት ቡሆ ይኮመጥጣል።

አሲዱ በሕዋሱ ሽፋን ሾልኮ ይገባና ውስጥ ሃይድሮጅኑን ይለቃል። ሕዋሱ ሃይድሮጅኑን መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕ ያሠራል፤ ቅርጻቸው የተበላሸ ፕሮቲኖችን የሚያቃኑ እንደ ግሮኤል ያሉ ረዳቶችንም ያበዛል። ከላይ የጠቀስነው ክሎስትሪዲየም ደግሞ አሲዱ ሲበዛበት አሴቶንና ቡታኖል ወደ መሥራት ይዞራል። ያንን የሚያዘው ስፖ ዜሮ ኤ የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ያው ፕሮቲን ባክቴርያው ጠንካራ ስፖር ሆኖ ክፉ ቀን እንዲያሳልፍም ያዘጋጀዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ለባሩድ ሥራ የሚሆን አሴቶን ያመረቱት በዚሁ ባክቴርያ ነበር።

የፒኤች ወረቀት (የአሲድ መጠን መለኪያ) ካላችሁና ከ6.5 በታች ካሳየ፣ ጥቂት የእንጨት አመድ በውሃ አሟሙታችሁ ለሦስቱም እኩል ጨምሩ።

ጨው

ፊኛዎቹ ለአንድ ሳምንት ያህል በተቀራረበ ፍጥነት ሲነፉ ጨው መጨመር ይጀመራል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነው የምንሠራው፤ መፍላቱ የሟሟውን ኦክስጅን ያስወጣል። በየአራት ቀኑ፣ አምስት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ይገባል። ለአንደኛው ሁልጊዜ ባዶ ውሃ ብቻ። ለሁለተኛው በመጀመሪያው ቀን አምስት የሻይ ማንኪያ ጨው የሟሟበት፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ውሃ። ለሦስተኛው በየዙሩ አንድ ማንኪያ ጨው የሟሟበት። ጨውን ቶሎ ለማሟሟት ሞቅ ያለ ውሃ ይረዳል፤ ግን ቀዝቅዞ ይግባ። ፊኛውን የምታወልቁት ውጭ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ነው። ሜቴን ይነዳል።

አምስት ማንኪያ ወደ 30 ግራም ነው። በአንድ ሊትር ተኩል ውስጥ ሶዲየሙ በሊትር 8 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህ መጠን ያልለመዱትን ሜቴን ሠሪዎች ክፉኛ የሚጎዳ ነው።

ጨው ሲበዛ ውሃ ከሕዋሱ ይወጣል። ብዙ ባክቴርያዎች መጀመሪያ ፖታስየም ያስገባሉ። በሽፋናቸው ላይ ኬዲፒዲ የሚባል ጠባቂ አለ፤ የፖታስየም እጥረቱን ሲያውቅ ኬዲፒኢ ለሚባለው ባልደረባው ፎስፌት ያቀብላል፣ ኬዲፒኢም ዲኤንኤው ላይ ሄዶ የፓምፑን ጂን ያስከፍታል። ቀጥሎ ሕዋሱን ሳይጎዳ ውሃ የሚይዝ ነገር ይመጣል፤ ቤታይን ከውጭ ይሰበሰባል፣ ወይም እንደ ሜታኖሳርሲና ያለው አርኬያ ከላይሲን የራሱን ይሠራል። በጥቂት በጥቂቱ ሲመጣ ሁሉም ይደርሳል። ባንዴ ሲመጣ ግን ፕሮቲን መሥሪያው ራሱ በድርቀቱ ይደነዝዛል፤ ጂኑ ቢከፈትም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የፊኛውን ወገብ በክር ለኩና ጻፉ። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ቀጥ ይላል፣ ሦስተኛው ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ቀጥ ያለውን ቶሎ አትድፉት። ሊያንሰራራ ስለሚችል ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ጠብቁት። እኔ አንዱን ሞቷል ብዬ ልደፋው ስል ፊኛው ቀና ብሎ አገኘሁት።

አንድ ነገር ግን ፊኛው አይነግራችሁም። በሦስተኛው ጠርሙስ ጂን የከፈቱት የቀድሞዎቹ ሕዋሳት ናቸው ወይስ ከመጀመሪያውም ጨው የሚችሉት ተራብተው በዙ? ሁለቱም በአንድ ላይ ይሆናል። ለመለየት የተነበቡትን ጂኖች አርኤንኤ (ጂን ሲነበብ የሚወጣውን ቅጂ) መለካት ያስፈልጋል፤ ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

በጨው ፋንታ በረኪና ልሞክር የሚል አይጠፋም። አትሞክሩ፤ እበቱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ተገናኝቶ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

ሲያልቅ ጨው የገባባቸውን ሁለቱን ሽንት ቤት ድፉ፤ ወደ ሐይቁም ወደ ጓሮም አይሂዱ። ጨው ያልነካው የአንደኛው ዝቃጭ ለማንጎና ለቡና ሥር ጥሩ ማዳበሪያ ነው።