ያረፈ ጡንቻን ውጥረት ለመለካት

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የጡንቻ ውጥረት፣ ማለትም ያረፈ ጡንቻ ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅሰው የሚያሳየውን ተቃውሞ፣ ስለካ ብዙውን ጊዜ የሚወስድብኝ ልኬቱ ሳይሆን ዝግጅቱ ነው። ጡንቻው ካላረፈ የምንመዘግበው ቁጥር ዋጋ የለውም።

ሰውየውን በጀርባው አስተኙት። ጭንቅላቱ መሃል ላይ ይሁን፤ ወደ ጎን ከዞረ የክንዱ ውጥረት ሊቀየር ይችላል። በርዶት እንደሆነ፣ የሚያመው ቦታ ካለ፣ ሽንቱ መጥቶ እንደሆነ ጠይቁት። በተለይ ስትሮክ ወይም የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ላይ እነዚህ ነገሮች ጡንቻውን ያጠብቁታል። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ይተኛ።

«ዘና በል» ማለት ብዙም አይሠራም። እኔ ክንዱን በሁለት እጄ ይዤ ትንሽ አነሳዋለሁ። ክብደቱ ሙሉ በሙሉ እጄ ላይ ካረፈ ለቆልኛል ማለት ነው። ቀለል ካለኝ ሳያውቀው እያገዘኝ ነው። ያኔ ወሬ እጀምርና እንደገና እሞክራለሁ። ይህን ነገር እባካችሁ አትዝለሉት።

አሁን የታጠፈውን ክርን ቀስ ብላችሁ ዘርጉት። መገጣጠሚያው እስከ የት እንደሚሄድ ታያላችሁ። ቀጥሎ ያንኑ በአንድ ሰከንድ ገደማ ዘርጉት። ለመመዝገብ በ1987 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የአሽዎርዝ መለኪያ አለ። ምንም የተለየ ተቃውሞ ከሌለ 0 ነው። ጡንቻው ድንገት ያዝ አድርጎ ከለቀቀ ወይም መጨረሻው ላይ ጥቂት ከተቃወመ 1፤ ያዝ ካደረገ በኋላ በቀሪው መንገድ ሁሉ (ከጠቅላላው መንገድ ግማሽ ባልሞላው) ላይ ቀላል ተቃውሞ ካለ 1+። በአብዛኛው መንገድ ቢቃወምም በቀላሉ ከሄደ 2፣ ማንቀሳቀሱ ካስቸገረ 3፣ ድርቅ ካለ 4። ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ጡንቻው በተሳበ ቁጥር እየላላ ይሄዳል።

በቀስታውና በፈጣኑ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። በፍጥነት ሲሳብ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ስፓስቲሲቲን (በአንጎል ወይም በሕብለ ሰረሰር ጉዳት ምክንያት ጡንቻ በፍጥነት ሲሳብ መጥበቁን) ይጠቁማል። በሁለቱም እኩል ከከበደ ጡንቻው አጥሮ ወይም እንደ ፓርኪንሰን ያለ ግትርነት ኖሮ ይሆናል። ያዝ ያደረገበትን አንግል በጎኒዮሜትር (በመገጣጠሚያ አንግል መለኪያ) ስለካ ከአሽዎርዝ ቁጥር የበለጠ ይነግረኛል።

በእጅ የሚያዝ ማዮቶኖሜትር ካላችሁ፣ ቆዳውን ለአፍታ መታ አድርጎ ጡንቻው የሚርገበገብበትን ፍጥነት በሄርዝ ያወጣል። የጡንቻው ወፍራም ክፍል ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ መሣሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሁለቱንም ጎን ለኩ።

መዝገቡ ላይ አተኛኘቱን፣ የመገጣጠሚያውን አንግልና ሰዓቱን ጻፉ። ባክሎፌን የተባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የመጨረሻውን ክኒን ስንት ሰዓት ላይ እንደዋጠም ጨምሩ፤ አለዚያ የሚቀጥለውን ልኬት ከዚህኛው ጋር ማነጻጸር አይቻልም።