ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ይዛችሁ ደንገጎን ስትወጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከአጎቴ ልጅ ጋር ከድሬ ወደ ሐረር እየወጣን ነበር። ደንገጎ ዳገት ላይ የጫነ ከባድ መኪና ከፊታችን ቆመ። የአጎቴ ልጅ ፍሬን አልያዘም። ነዳጅ ፔዳሉን በስሱ እየነካካ መኪናዋን ዳገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያዛት። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ፣ ዳሽቦርዱ ላይም የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ሙቀት ማስጠንቀቂያ በራ። «አውቶማቲክ አይደለች እንዴ?» አለኝ ደንግጦ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፣ ሌላውም ሁሉ ከዚህ ይመጣል። አውቶማቲክ ናት፣ ግን ውስጧ ማኑዋል ነው። በተለመደው አውቶማቲክ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙት በቶርክ ኮንቨርተር፣ ማለትም በዘይት በኩል ነው፤ በተለይ ስትነሱና በዝግታ ስትሄዱ ከሞተሩ ጉልበት የተወሰነው ዘይቱን በማሞቅ ይባክናል። እዚህ ግን ሁለት ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኝና የሚለይ ሸራ፣ አለ። አንዱ 1፣ 3 እና 5ን ይይዛል፣ ሌላው 2፣ 4 እና 6ን። በ2ኛ ማርሽ እየሄዳችሁ 3ኛው አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል፤ አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው ወዲያው ይይዛል። ጉልበቱ መሃል ላይ አይቋረጥም፣ በመንሸራተት የሚባክነውም ትንሽ ነው። ነዳጅ የምትቆጥበው በዚህ ነው። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2003 ጎልፍ አር 32 ላይ ገጥሞ ለገበያ ያወጣው ይሄንኑ ነው።

እንግዲህ ዳገት ላይ መኪናዋን በነዳጅ ስታቆሙ ፍሪሲዮኑ ግማሽ ይዞ ግማሽ ለቆ እየተፋጨ ነው። ፍሬን ያዙ፣ አለቀ። ፍሬኑን ስትይዙ ፍሪሲዮኑ ይለቃል። እኛ ዳር ይዘን ቆመን እስክትበርድ ጠበቅን፣ እግዜር ይመስገን ለዚያ ቀን ተረፈች።

ድሬ ውስጥ ቀፊራ ገበያ አካባቢ፣ በባጃጅና በጋሪ መሃል፣ ግማሽ ሜትር ግማሽ ሜትር እየተንፏቀቁ መሄድም ያው ነው። ፊታችሁ ያለው መኪና ትንሽ እስኪርቅ ጠብቁና አንዴ ተንቀሳቀሱ። ደረቅ ፍሪሲዮን ያላት ከሆነች ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፣ የሚያቀዘቅዘው ዘይት የለውም፣ ሙቀቱን የሚሰጠው ለአየር ብቻ ነው፤ የድሬን የቀትር አየር ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሌላው በጣም የሚያናድደኝ ከደንገጎ ሲወርዱ «ነዳጅ ለመቆጠብ» ብሎ ኒውትራል ማድረግ ነው። አይቆጥብም! መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሆና እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። ኒውትራል ስታደርጉ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ከዚያ በላይ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ስትወርዱ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ከሐሮማያ 2,000 ሜትር ገደማ ወደ ድሬ 1,200 ነው የምትወርዱት፣ ቀልድ አይደለም። ማርሹን በእጅ ዝቅ አድርጉና ሞተሩ ይያዝላችሁ።

ሁልጊዜ የማርሽ መምረጫውን «ስፖርት» ላይ አድርጎ መንዳትም ነዳጁን ይበላዋል፣ ማርሹን ቶሎ አይጨምርማ።

የካምቢዮ ዘይት ነገር ላይ «ያው ዘይት ነው» የሚላችሁን መካኒክ አትስሙ። ዘይት ውስጥ የሚሠራው ፍሪሲዮን የራሱ ዘይት አለው፣ ሌላ ከተሞላበት መንሸራተትና መንዘፍዘፍ ይጀምራል። የቮልስዋገኑ ባለ 6 ማርሽ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ከነማጣሪያው ይቀየራል። የእናንተን ከመኪናዋ መመሪያ ደብተር ላይ አንብቡና የዘይቱን ስም በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ጋራዥ ሂዱ።