የዲስኩ መብራት አልጠፋ ሲል

ቸርችል ጎዳና ዳር፣ ከፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ ያለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አስጠርቶኝ ነበር። «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት አድርግልን» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው መብራቱን ነው።

ምልክቱ፦ ጠዋት ደኅና የሚሠራው ኮምፒውተር ከቀትር በኋላ ይንቀራፈፋል። ከዎርድ ወደ ኢንተርኔት ሲሻገሩ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ይበራል፤ ዲስኩም ይንኳኳል። ራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ የሚይዝበት ፈጣን ማስታወሻ፣ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው።

ምክንያቱ፦ ፕሮግራም የሚጠራው አድራሻ ቨርቹዋል ነው። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ባለቤቱ የት ሰፈር እንደሚኖር እንደማይናገር ሁሉ፣ ይህም ቁጥር መረጃው ራም ላይ የት እንዳለ አይናገርም። ስርዓተ ክወናው (እንደ ዊንዶውስ ያለው ማሽኑን የሚያስተዳድር ፕሮግራም) አድራሻዎቹን ብዙውን ጊዜ 4096 ባይት በሚይዙ ገጾች ይከፋፍላል፤ የትኛው ገጽ የት እንዳለም በሰንጠረዥ ይመዘግባል። ፕሮግራሙ 20500ን ጠራ እንበል። ለ4096 ሲካፈል 5 ደርሶ 20 ይተርፋል፤ ስለዚህ ገጽ 5፣ ከመጀመሪያው 20 ባይት ገባ ብሎ ማለት ነው። ራሙም ፍሬም በሚባሉ የገጽ ልክ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ሰንጠረዡ «ገጽ 5 በራም 9ኛ ፍሬም ላይ ነው» ካለ፣ 9 ጊዜ 4096 ሲደመር 20፣ እውነተኛው ቦታ 36884 ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሰንጠረዡ «ራም ላይ የለም» ሲል ነው። ያኔ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ስርዓተ ክወናው ገጹን ከዲስክ ያመጣል፤ ራሙ ሞልቶ ከሆነም ሌላውን ያስወጣል። ራም በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ሲመልስ የሚሽከረከር ዲስክ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መቶ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። አሁን የወጣው ገጽ ወዲያው ተመልሶ ከተፈለገ ማሽኑ ሥራውን ትቶ ገጽ ሲያመላልስ ይውላል። ይህ ትራሺንግ ይባላል። ቫይረስ የለበትም።

ማረጋገጫው፦ በዊንዶውስ ሪሶርስ ሞኒተር ውስጥ «ሃርድ ፎልትስ» የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ገጽ ራም ላይ ጠፍቶ ስንት ጊዜ ከዲስክ እንደመጣ ይናገራል። ፕሮግራም ሲከፈት ለአፍታ ቢዘል ያለ ነው፤ ከፍ ብሎ አልወርድ ካለ ግን ራሙ አልበቃም።

መፍትሄው፦ በመጀመሪያ የማይፈለጉትን ድረ ገጾች ይዝጉ፤ እዚያ ቤት 30 ያህል ተከፍተው ነበር። ቀጥሎ ራም ይጨምሩ፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን ዓይነቱን ይዩ፣ ዲዲአር 3 በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስም ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም። ዲስኩን በኤስኤስዲ (በማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) መተካት ሕመሙን ያቀልለታል፣ ግን አያድነውም። ፔጅ ፋይሉን፣ ማለትም ከራም የወጡ ገጾች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበትን ፋይል፣ አጥፉት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ራሙ ሲሞላ ፕሮግራሞቹ ያልተቀመጠ ጽሑፍ እንደያዙ ይዘጋሉ።

ሌላ ምልክት፦ አንድ ፕሮግራም ብቻ «ሴግሜንቴሽን ፎልት» ብሎ ከሞተ፣ ያልተሰጠውን ወይም ያልተፈቀደለትን አድራሻ ነክቷል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኮዱ ስለሆነ ራም ሻጭ ዘንድ አይሂዱ፤ ፕሮግራሙን የጻፈውን ሰው ይጥሩ።