ከሥራ በኋላ ሜካትሮኒክስ ለምትማሩ

ቀን እየሠራችሁ ማታ ሜካትሮኒክስ (የሜካኒክስ፣ የኤሌክትሮኒክስና የኮምፒውተር ቁጥጥር ጥምር ሙያ) የምትማሩ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የላብ ሰዓት ሁሌም ያጥራል፤ ስለዚህ ሽቦዎቹ እንዴት እንደሚገናኙ በወረቀት ሥላችሁ ግቡ። እኔን ከምንም በላይ የጠቀመኝ ይኼ ነው። በተለይ ሞተር ካለበት! የአርዱዊኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) አንድ ፒን (የሽቦ መሰኪያ) በደህና የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ ትንሽ ዲሲ ሞተር እንኳ ስትነሳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትስባለች። በቀጥታ ካገናኛችኋት ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። መሃል ላይ የሞተር ድራይቨር (ከቦርዱ ትእዛዝ ተቀብሎ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚሰጥ ክፍል) አስገቡ፣ ለሞተሩ የራሱን ባትሪ ስጡት፣ የባትሪውንና የቦርዱን ግራውንድ (የኔጌቲቭ መስመር) ግን አንድ ላይ አገናኙ። ይህችን ሽቦ ረስቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮዴን ስፈትሽ አምሽቻለሁ፤ ኮዱ ምንም አልነበረበትም። አሁን ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የምስለው እሷን ነው፣ በወፍራም መስመር።