ለድንገተኛ የጤና አደጋ የሚሰማራ ባለሙያ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ወረርሽኝ ሲነሣ ወይም ተፈናቃይ በብዛት ሲሰፍር፣ የጤና ባለሙያ ለስምሪት የሚጠራው ብዙውን ጊዜ በስልክ ነው፤ ከጥሪው እስከ መኪናው መነሻ ያለው ጊዜም ከአንድ ሌሊት እምብዛም አይበልጥም። በዚያች ሌሊት ሻንጣ መሸከፍ ይቻላል፤ ክትባት በሰውነት ውስጥ እንዲሠራ ማድረግ ወይም ያልተለማመዱትን ሙያ መማር ግን አይቻልም። ሳይዘጋጅ የደረሰ ባለሙያ በሦስተኛው ቀን ራሱ ሲታመም፣ ሊረዳው የሄደውን ጤና ጣቢያ አልጋውን፣ መድኃኒቱንና አስታማሚውን ይሻማዋል። ከተለያዩ ቡድኖች ጋር ወደ ወረዳዎች በወረድሁባቸው ዓመታት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ አንድም እኔ ራሴ የሠራኋቸው፣ አንድም አጠገቤ ሆነው ሲሠሩ ያየኋቸው ናቸው።

«ከዞናችን አልወጣም» ብሎ መዘናጋት

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ወደ ሩቅ ክልል የሚላክ ሰው ይከተባል፣ ይጠይቃል፣ ይጠነቀቃል፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ግን ጎረቤት እንደሚጠይቅ ሰው ጃኬቱን ደርቦ ይነሣል። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ወጥቶ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ተጠማዝዞ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ጠዋት ተስቦ ከሚጠረጠርበት ብርድ ተነሥቶ ምሳውን ወባ በሚያይልበት ሙቀት ይበላል ማለት ነው። የቀወት፣ የኤፍራታና ግድም፣ የበረኸት ቆላማ ቀበሌዎችና የጀማ ሸለቆ ዳርቻዎች ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ወባ የሚበረታባቸው ናቸው፤ ከበልግ ዝናብ በኋላም ሁለተኛ ወቅት አለ።

ደጋም ቢሆን ሁልጊዜ መጠለያ አይሆንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን፣ ሰዉ በሽታውን ያልለመደባቸውን አካባቢዎች መትቶ ወደ 150,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። ስለዚህ ተሰማሪው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የወረዳውን ስም ብቻ አይደለም፤ የቀበሌውን ከፍታ፣ ወቅቱንና የሚያድርበትን ቤት ዓይነት ጭምር ይጠይቅ።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። ከቆላ ተነሥቶ ወደ መንዝ የሚወጣ ባለሙያ ቀዝቃዛውን ሌሊት አስቦ ወፍራም ልብስ ይይዛል፤ የራሱን አንሶላና የመኝታ ከረጢት ግን አይዝም። በመጠለያ ጣቢያም ሆነ በገጠር ቤት በጋራ የሚለበስ ዝተትና ብርድ ልብስ ቅማል ሊኖረው ይችላል፤ ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት የሚተላለፉትም በልብስ ቅማል ነው። አስተናጋጁን ላለማስቀየም ብርድ ልብሱን ተቀብሎ የራስን አንሶላ ከሥር መደረብ ይቻላል፤ ማንም አይከፋም።

ክትባትንና የወባ መከላከያን ለጥሪው ቀን ማቆየት

አባቶቻችን «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። የጉበት በሽታ ቢ ክትባት በመደበኛው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ ሆኖ የሚጠናቀቀው በስድስት ወር ነው። የአፍ የኮሌራ ክትባት ሙሉ መጠን ቢያንስ በሁለት ሳምንት ልዩነት የሚወሰዱ ሁለት ዶዞችን ይጠይቃል። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ዋጋ የሚኖረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ ተከትቦ ካርዱን በጥንቃቄ መያዝ በቂ ነው። የማጅራት ገትር ክትባትም ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ካልቆየ አይከላከልም። ኩፍኝ የገባበት ቀበሌ የሚሰማራ ሰው «በልጅነቴ ሳይዘኝ አይቀርም» በሚል ግምት መሄድ የለበትም፤ ካርድ ከሌለው ይከተብ። ቴታነስም እንዳይረሳ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ቀናቸውን ጽፎ፣ አንዱን ቅጂ በቢሮ፣ ሌላውን በስልክ ፎቶ አድርጎ መያዝ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

በወባ መከላከያ ክኒን ላይ የሚፈጸመው ስህተት የተለየ ነው፤ ሰዎች ይጀምሩታል እንጂ አይጨርሱትም። ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ 100 ሚሊ ግራም ሆኖ ከመግባት አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይጀመራል፣ ከቆላው ከወጡ በኋላም ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። ደብረ ብርሃን ሲገቡ ብርዱ «ተርፌያለሁ» ያሰኛል፤ ክኒኑም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ነፍሰ ጡሮች ይህን መድኃኒት አይወስዱም፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባ ሌላ አማራጭ ወይም ሌላ ምድብ እንዲሰጣት አስቀድማ ትናገር፣ ኃላፊዋም ይህን እንደ ድክመት አይቁጠርባት።

የራስን ሕመም መደበቅ

ውሎ አበሉ እንዳያመልጠው ወይም ሰነፍ እንዳይባል ስኳሩን፣ ደም ግፊቱን ወይም አስሙን ሸሽጎ የሚወጣ ባለሙያ ጥቂት አይደለም። የሚወስዱትን መድኃኒት ከታሰበው ቆይታ በላይ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ አድርጎ መያዝ፣ ለቡድን መሪው በምስጢር መናገርና የቅርብ ቤተሰብን ስልክ ማስመዝገብ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መብራት በሌለበት ጤና ኬላ የት እንደሚያቀዘቅዘው ሳያውቅ አይነሣ።

ክሎሪንን በግምት መበጥበጥ

በዚህኛው ላይ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ያየሁት ስለማይረሳኝ ነው። አንድ ምሽት ኮሌራ ወደ ገባበት ቀበሌ ደረስን፤ የሕክምናው ድንኳን ተተክሏል፣ በሩ ላይ ሦስት ባልዲዎች ተደርድረዋል፣ ሦስቱም ሰማያዊ፣ ሦስቱም ያለ ምልክት። ዱቄቱን ሲበጠብጥ የዋለው ባልደረባችን መለኪያ ስላጣ በቡና ሲኒ ይሰፍር ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል፤ አንዲት እናት ደግሞ የልጇን ገላ ልታጥብ ከመጨረሻው ባልዲ ስትቀዳ ደረስንባት። እሱ ለትውከትና ለሰገራ የተዘጋጀው፣ ከሁሉም የበረታው ነበር።

ቁጥሮቹን ተሰማሪው ሁሉ በቃሉ ሊያውቃቸው ይገባል። ለእጅ መታጠቢያ 0.05 በመቶ፣ ለወለልና ለአልጋ እንደየመመሪያው 0.2 ወይም 0.5 በመቶ፣ ለትውከት፣ ለሰገራና ለአስከሬን 2 በመቶ ነው። 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት ሲሆን፣ ለእጅ የሚሆነውን ለማዘጋጀት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ውስጥ 14 ግራም፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይበቃል፤ 0.5 በመቶ ለማድረግ 140 ግራም፣ 2 በመቶ ለማድረግ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሊትር ከ28 እስከ 30 ግራም ያስፈልጋል። 5 በመቶ የሆነው በረኪና ከተገኘ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሰጣል። ድብልቁ ኃይሉን ስለሚያጣ በየቀኑ ይታደሳል። ከሻንጣው ውስጥ አንድ ማንኪያ፣ ፕላስተርና የማይለቅ ማርከር ካልጠፉ ሦስቱ ባልዲዎች ሦስት የተለያዩ ባልዲዎች ይሆናሉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት የመከላከያ ልብስን ማብዛት ነው። ለኮሌራ ጓንት፣ ቦት ጫማና የፕላስቲክ ሽርጥ በቂ ሆኖ ሳለ፣ ከራስ እስከ እግሩ ተሸፍኖ የመጣ ባለሙያ ሕዝቡን ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰውም ሕመምተኛውን ይደብቃል።

የፈሳሹን መጠን አስቀድሞ አለማስላት

በኮሌራ ክፉኛ ፈሳሽ ያለቀበት አዋቂ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) በሦስት ሰዓት ውስጥ ያስፈልገዋል፤ የመጀመሪያው 30 በግማሽ ሰዓት፣ ቀሪው 70 በሁለት ሰዓት ተኩል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አምስት ሊትር ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ተኩሉ በ30 ደቂቃ መግባት ስላለበት በቀጭን ካኑላ አይሆንም። ሁለት ካርቶን ግሉኮስ ይዞ የሚወጣ ቡድን ግን አይቻለሁ። ግሉኮስ ለዚህ በሽታ አይሆንም። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩም ከንጹሕ ውሃ ጋር መታሰብ አለበት፤ በመጠለያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር የሚለው መለኪያ ሳይታወቅ የውሃ ቦቴ መጠየቅም አይቻልም።

ናሙናን ሁሉ በረዶ ላይ መጫን

የኩፍኝ ደም ናሙና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በካሪ ብሌር (የሰገራ ናሙና ማጓጓዣ) የተያዘ የኮሌራ ሰገራ ግን በረዶ አያስፈልገውም፤ በክፍሉ ሙቀት ይጓዛል፣ ቅዝቃዜ ጀርሙን ሊያዳክመው ይችላል። ሁለቱን በአንድ አይስ ቦክስ ጭኖ «ናሙና አድርሻለሁ» ማለት የአንድን ቀበሌ መልስ ማጥፋት ነው። ሰገራውም የሚወሰደው በተቻለ መጠን አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ነው።

ቀንን ማምታታት

የሕሙማን ዝርዝር መመዝገቢያ ላይ አንዱ መስከረም 12 ሲጽፍ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋል፤ አንዱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲል ሌላው 8:00 ይላል። ከዚያ በኋላ የወረርሽኙን ግራፍ የሚሠራው ሰው በሽታው ከጀመረበት ቀን በፊት የሞተ ሕመምተኛ ያገኛል። ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት አንድ አቆጣጠር ይምረጥ፣ በቅጹ ራስጌም ይጻፈው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከቀበሌው በተጨማሪ ጎጡና የሚቀዳበት ውሃ ይመዝገብ፤ «ዛሬ 14» የሚል ድምር ብቻ የሚልክ ባለሙያ ምንጩን ለማግኘት አይረዳም። አሁን በብዙ አገሮች መለኪያ የሆነው በ7 ቀን መለየት፣ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ በ7 ቀን የመጀመሪያውን ምላሽ ማጠናቀቅ ነው። በመሆኑም የወረዳው፣ የዞኑና የክልሉ ተጠሪዎች ስልክ በወረቀትም ተጽፎ ይያዝ፤ ኔትወርክ የሚገኝበትን ኮረብታም የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ነው።

ሰዉን ሳይሰሙ መመዝገብ

አንድ ቆላ መንደር ውስጥ ቅጽ እየሞላሁ ሳለ አንዲት እናት «ልጄ፣ እናንተ ስማችንን ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ፤ ውሃውንስ ማን ያመጣልናል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ውሃ ቢሮውን ሳላነጋግር ነበርና የሄድሁት። «እማማ፣ ጠይቄ ነገ እመለሳለሁ» ብያቸው ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ተሰማሪው ከመውረዱ በፊት የውሃ፣ የትምህርትና የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤቶች ምን እንደያዙ ይወቅ፤ ሲደርስም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ በእድሩ ዳኛ፣ በካህናቱና በሼኮቹ በኩል ይግባ። በበረኸትም ሆነ በኤፍራታ አቅጣጫ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ የሚናገር ሰው ከቡድኑ ጋር መኖሩ የሚታሰበው ከመነሣት በፊት ነው።

የጸበል ቦታ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም ክረምት በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበልተኞች መካከል ኮሌራ መነሣቱ ይታወሳል። በእኛም ዞን እንደ ሸንኮራ ዮሐንስ ያሉ፣ ከሩቅ የሚመጣ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች አሉ። ክሎሪን ይዞ በቀጥታ ወደ ጸበሉ መሄድ ሕዝቡን ማስቀየም ነው፤ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ተቀምጦ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ መጠጥ ውሃው፣ ስለ እጅ መታጠቢያውና ስለ ታመመው ሰው መለያ ቦታ መነጋገር ግን ይቻላል። አባቶች በዐውደ ምሕረት የሚያስተላልፉት አንድ ቃል ከእኛ ድምፅ ማጉያ ይበልጥ ይሰማል።

መንገዱንና ጸጥታውን በትናንት ወሬ መመዘን

የጸጥታው ሁኔታ በአንድ ሌሊት ስለሚለወጥ፣ በጠዋት ካልተረጋገጠ መንገድ ላይ መውጣት አይገባም። የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ማሳወቅ፣ የታጠቀ ሰው በጤና መኪና አለማሳፈር፣ በክረምት ጣርማ በርን በጭጋግ በምሽት አለማለፍ ያስፈልጋል።

ስምሪቱ ሲመለሱ ያበቃ መምሰል

ከስምሪት ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት የሚይዘው ባለሙያ ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ ጊዜ ታይፎይድ ወይም ተስቦ ነው ተብሎ ይታከማል፤ ደጋ ላይ ወባን መጀመሪያ የሚያስብ የለምና። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ ይነሣል፤ ቫይቫክስ የተባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ዶክሲሳይክሊንም ይህን አያግድም። ስለዚህ ተመላሹ ትኩሳት ሲሰማው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ቆላ ነበርሁ» ብሎ ለሐኪሙ በቅድሚያ ይናገር፣ የደም ምርመራም ይጠይቅ። እንቅልፍ የነሣው፣ የሞቱት ሕፃናት በዓይኑ የሚመጡበት ባልደረባም ዝም ብሎ ወደ ቢሮ እንዳይመለስ፣ የቡድን መሪው በመጀመሪያው ሳምንት ደውሎ ይጠይቀው፤ የዕረፍቱ ቀንም ከስምሪቱ ደብዳቤ ጋር አብሮ ይጻፍለት።