የጽሑፍ ጨዋታ ስታስሞክሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጽሑፍ ጨዋታ ተጫዋቹ እያነበበ፣ ምርጫ እየመረጠ ወይም ትእዛዝ እየጻፈ የሚሄድበት ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚሠራ ሰው የራሱን ሥራ እንደ እንግዳ ሊያነበው አይችልም። በሩ በምን እንደሚከፈት፣ ሽማግሌው ምን እንደደበቁ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ሞካሪ ያስፈልገዋል። ሞካሪው ደግሞ ከሥራው ወይም ከጥናቱ ሰዓት ቀንሶ ያለ ክፍያ የሚያግዝ ጓደኛ ወይም ዘመድ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ በአማርኛ የምትሠሩ ሁሉ ይህን እገዛ ከሚያባክኑ ስህተቶች ተጠንቀቁ።

ሁሉንም በአንድ ቀን መጥራት። አንድ ሰው ጨዋታውን በአዲስ ዓይን የሚያየው አንዴ ብቻ ነው። ለአሥር ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ ብትልኩ አሥሩም ያው የተበላሸ መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ካስተካከላችሁት በኋላ አዲስ አንባቢ አይቀራችሁም። አስቀድማችሁ ራሳችሁ በየመንገዱ እስከ መጨረሻው ሂዱበት። ከዚያ ለሁለት ሰዎች ስጡ፣ አርሙ፣ ቀጥሎ ለሌሎች ሦስት።

«እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ። ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። የወሎ ሰው አንደበቱ መልካም ነው፤ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ብትጠይቁት «ማለፊያ ነው፣ በርታ» ይላችኋል። ይሉኝታ ስላለበት የሰለቸበትን ቦታ አይነግራችሁም። ጥያቄውን ወደ ድርጊት አዙሩት፦ የት ላይ ቆምክ? የትኛውን አንቀጽ ሳታነብ አለፍክ? ይህን ስትመርጥ ምን ይሆናል ብለህ ነበር?

ከዚህም የሚሻለው የጨዋታውን ሙሉ መዝገብ መቀበል ነው። ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሄዱ ጨዋታዎች መሥሪያ በሆነው ኢንፎርም በተሠራ ጨዋታ ሞካሪው ሲጀምር የ«ትራንስክሪፕት»ን ትእዛዝ ከሰጠ፣ እርሱ የጻፈውና ጨዋታው የመለሰው ሁሉ ፋይል ላይ ይቀመጣል። ልማድ ያላቸው ሞካሪዎች በኮከብ ምልክት እየጀመሩ ሐሳባቸውን እዚያው መሃል ይጽፋሉ። በምርጫ የሚሄዱ ጨዋታዎች መሥሪያ የሆነው ትዋይን ግን ይህ ትእዛዝ አብሮት አይመጣም፤ ስለዚህ በየገጹ ግርጌ መለያ ቁጥር አስቀምጡ። «14 ላይ ጠፋብኝ» የሚል አጭር መልእክት ከረጅም ምስጋና ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

አንድ ዓይነት ሰዎችን መሰብሰብ። አማርኛ ተጫዋቹን ሲያናግር ወንድና ሴት ይለያል። ሞካሪዎቹ ሁሉ ወንዶች ከሆኑ፣ በ«አንቺ» የተጀመረው መንገድ አራተኛው ገጽ ላይ «ገባህ» ሲል የሚያይ የለም። ታሪኩ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ነው እንበል። ገዳሙ የወንዶች ነው፣ ሴት አትገባበትም። ሴት ገጸ ባሕርይ የመረጠች ተጫዋች ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብራና ስታገላብጥ ብትገኝ፣ የሐይቅ ልጅ ወዲያው ያስቆማችኋል፤ አካባቢውን የማያውቅ ሞካሪ ግን አንብቦ ያልፋል። አገሩን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው ይኑራችሁ።

የሚጻፈውን ትእዛዝ አስቀድሞ መንገር። ጨዋታው በምርጫ ሳይሆን ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሄድ ከሆነ ለሞካሪው የቃላት ዝርዝር አትስጡት። እጁ እንዳመጣለት ይጻፍ። አንዱ «ኩራዙን ለኩስ»፣ ሌላዋ «ኩራዝ አብሪ»፣ ሦስተኛው «መብራት አብራ» ይላሉ፤ ጨዋታው ሁሉንም ሊረዳ ይገባል። «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»ም እንዲሁ። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ከነዘሮቻቸው አንድ አድርጎ እንዲያነብ ማድረግ የሠሪው ድርሻ ነው። ተጫዋቹን በሆሄ መቅጣት ተገቢ አይመስለኝም።

መከራከር። ሞካሪው «አልገባኝም» ሲል «ሦስተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል እኮ» አትበሉ። ጻፉትና አመስግኑ። የሚሰጣችሁን መፍትሔ ላትቀበሉት ትችላላችሁ፤ የተቸገረበት ቦታ ግን እውነተኛ ነው።

የቅጂውን ቁጥር መርሳት። በየቅጂው መግቢያ ላይ ቁጥርና ቀን ይኑር፤ ያለበለዚያ ትናንት የታረመውን ስህተት ዛሬም ይነግሯችኋል። የትዋይን ጨዋታ አንድ ፋይል ብቻ ሆኖ ስለሚወጣ በቴሌግራም ልካችሁ ያለ ኔትወርክም ይከፈታል።

የሰውን ጊዜ አለማክበር። በረመዳን የመጨረሻ ቀናት ወይም በገና ዋዜማ «እስከ ነገ ጨርሱልኝ» አይባልም። ጨዋታው ሲወጣ ደግሞ የሞካሪዎቹ ስም ይግባ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጽሑፍ ጨዋታ ውድድር ላይ ይህ የቆየ ልማድ ነው። ስማቸው እንዲወጣ ይፈልጉ እንደሆነና እንዴት እንዲጻፍ እንደሚሹ ግን ከማሳተማችሁ በፊት እያንዳንዳቸውን ጠይቁ።