ፖለቲካ ያዘለ ሰምና ወርቅ ስትፈቱ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ቅኔ መፍታት የሚወዱ ወጣቶች እየበዙ ነው። በጣም ደስ ይለኛል። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ በሁለት ስንኝ ላይ ሲከራከሩ ማምሸትን የመሰለ ነገር የለም። ግን አንድ ዓይነት ስህተት ተደጋግሞ ሲሠራ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ግጥሙ ሹም የሚነካ ወይም መንግሥት የሚሸነቁጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሁሉም ይቸኩላል። ሰሙን ረግጦ ወርቁ ላይ ለመውጣት ይሮጣል።

ሰም ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ነው፣ ወርቅ ከሥሩ የተደበቀው፤ ከዚህ በላይ አላደክማችሁም። ኅብሯን ግን፣ ሁለቱን ትርጉም አንድ ላይ የተሸከመችውን ቃል፣ ዛሬ ደጋግመን እናነሳታለን።

ሰሙን ሳይጨርሱ ወርቅ ፍለጋ መሮጥ

ዋናው በሽታ ይህ ነው። ሌሎቹ ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይወለዳሉ። ለማስተማሪያ የገጠምኩትን አንድ ግጥም ላሳያችሁ፦

ወንዙ ሞላ ጓዱም ቆሞ ቀረ ከዳር፣
ዋና ጠፋን እንጂ እንሻገር ነበር።

ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው እጆች ወዲያው ይነሳሉ። «ወንዙ ዓባይ ነው፤ ሞላ የተባለው ግድቡ ነው!» ይላል አንዱ። «ጓድ ስላለ ስለ ደርግ ነው» ይላል ሌላው። «ዳር ማለት ባሕር ዳር ነው» ያለም አለ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ፖለቲካ። ከዚያ «እሺ፣ ሰሙ ምን ይላል?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ሰሙ ቀላል ነው። መንገደኞች ናቸው። ወንዝ ሞልቶባቸዋል። አብሮ የመጣው ጓድ ዳር ላይ ቀርቷል። ዋና ብናውቅ ኖሮ እንሻገር ነበር ይላሉ። ይህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሳችሁ ቃል ተናግራችሁ ካልጨረሳችሁ፣ ስለ ወርቁ አፋችሁን አትክፈቱ። እንዲህ ስል አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ይለው። ሰሙን ያልጨረሰ ሰው የሚያገኘው ወርቅ ከግጥሙ የወጣ አይደለም፤ ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው። ጠዋት ዜና ሲያዳምጥ የተናደደበትን ነገር ማታ ግጥሙ ላይ ይለጥፈዋል።

ሰሙን ከጨረሳችሁ ኅብሯ ራሷ ትመጣለች። «ዋና» ላልታ ስትነበብ ውኃ ላይ መዋኘት ናት። ስትጠብቅ አለቃ፣ ቁንጮ፣ መሪ ናት። ችግሩ ሞልቷል፣ ሕዝቡ ዳር ቆሟል፣ የሚያሻግር መሪ ጠፋ። ወርቁ ይኸው ነው። የማን መሪ? የየትኛው ዘመን? ግጥሙ አይልም። ግጥሙ ያላለውን እኛ አንልም። ወንዙ ዓባይ እንዲሆን በግጥሙ ውስጥ ዓባይን የሚጠራ ሌላ ምልክት ያስፈልጋል። ጓዱ የደርግ ጓድ እንዲሆን ያንን ዘመን የሚጎትት አንድ ነገር መኖር አለበት። ከሌለ የለም።

አንድ ምሽት አዝማሪ ቤት ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ጎልማሳ «ተቀበል» ብሎ ስለ ቤት አከራዩ ግጥም ሰጠ። ኪራይ ጨምረውበት፣ ልቀቅ ብለውት፣ ልቡ ቆስሎ ነው የመጣው። አዝማሪው ተቀብሎ አዜመው። አጠገብ ያለው ወጣት በስልኩ ቀዳው። በማግሥቱ ያ ግጥም መንግሥት ሥልጣን እንዲለቅ የተገጠመ ቅኔ ተብሎ በየስልኩ ይዞር ጀመር። ሰውየው መድረሻ አጣ። የመሥሪያ ቤት አለቃው ሳይቀር ጠርቶ ጠየቀው። ያ ወጣት ክፉ አልነበረም፤ ቅኔ ይወዳል። ግን ጎረቤቱን ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ምን ደርሶብዎት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

በዓይን ብቻ ማንበብ

ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ገጣሚው የሚደበቀው እዚያ ነው። ይህችን ደግሞ እዩ፦

አዲስ ሹም መጥቶልን ሰላም አለ ቢሉም፣
ከደጅ ቆመን ዋልን እኛ አላየነውም።

ድምፅ አውጥታችሁ ሁለት ጊዜ አንብቧት። መጀመሪያ የ«አለ»ን «ለ» አላሏት። ሹሙ መጥቶ ሰላምታ ሰጠ ይላሉ፤ እኛ ግን ደጅ ስንጠብቅ ውለን ሰውየውን አላየነውም። አሁን አጥብቋት። ሹም ስለመጣ ሰላም ሰፍኗል ይላሉ፤ እኛ ግን ሰላሙን አላየነውም። «አላየነውም» የሚለው ቃል ለሹሙም ለሰላሙም እኩል እንደሚሠራ ልብ በሉ። ደህና ግጥም እንዲህ ነው። ኅብሯ በአንድ ቦታ ስትዞር ሌላው ቃል ሁሉ አብሯት ይዞራል፤ ሰዋስውም አይሰበርም። ኅብሯን አዙራችሁ የቀረው ስንኝ አልሄድም ካለ፣ ፍቺያችሁ ስህተት ነው ማለት ነው። አትጎትቱት።

ጀማሪዎች ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ይቀራሉ። አጉተምትሙት። ጮክ ብላችሁ በሉት። «ይበላል» ሲላላ የሚበላው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ የሚበላው ምግብ ነው። ለሹም በሚገጠም ግጥም ውስጥ ይህች ቃል ስንት ሥራ እንደምትሠራ መገመት አያቅታችሁም።

የተረፈ ቃል እያለ «ፈታሁት» ማለት

ስለ ዓፄ ቴዎድሮስ የተገጠመውን ይህን የማያውቅ የለም፦

ታጠቅ ብሎ ፈረስ ካሳ ብሎ ስም፣
ዐርብ ዐርብ ይሸበራል ኢየሩሳሌም።

ብዙ ሰው «የቴዎድሮስ ጀግንነት ነው» ይልና ያልፋል። ይህ መፍታት አይደለም። ቃል በቃል እንሂድ።

ካሳ ማን ነው? በዚያ መቶ ዓመት የነገሡ ሁለት ካሳዎች አሉን። ካሳ ኃይሉ ዓፄ ቴዎድሮስ ሆኑ፣ በ1847 ዓ.ም.። ካሳ ምርጫ ዓፄ ዮሐንስ ሆኑ፣ በ1864 ዓ.ም.። ስሙ ብቻውን አይለይላችሁም። የሚለየው ፈረሱ ነው። አባ ታጠቅ የቴዎድሮስ የፈረስ ስም፣ ማለትም በፈረሳቸው የሚጠሩበት ስም ነው፤ የዮሐንስ አባ በዝብዝ ነው። አንዱ ቃል ሌላውን ይቆልፈዋል።

ቀጥሉ። «ታጠቅ» የፈረስ ስም ብቻ አይደለም፤ ትዕዛዝም ነው። «ካሳ» የሰው ስም ብቻ አይደለም፤ ለተበደለ የሚከፈል ነው። ኢየሩሳሌምስ ለምን መጣች? ቴዎድሮስ ኢየሩሳሌምን ነፃ የማውጣት ሕልም ነበራቸው፤ ከተማዋም ያኔ በቱርኮች እጅ ነበረች። እንግዲህ አንድ ታጣቂ ካሳውን ሊያስከፍል ይመጣል ተብሎ ከተማ ይሸበራል።

«ዐርብ ዐርብ»ስ? እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው ቃሉን ለቤት መምቻ የገባ ማሟያ አድርጎ የሚጥለው። ዐርብ ስቅለት ነው፤ የተሰቀለውም እዚያችው ከተማ ነው። ዐርብ የጁምዓ ቀንም ነው፤ ከተማዋን የያዙት ሰዎች ለጸሎት የሚሰበሰቡበት። ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ ገጣሚው ሁለቱንም አስቦ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ካሳ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ዐርብ ላይ ለሆነው በደል፣ የሚሸበሩት ደግሞ የሁለተኛው ዐርብ ባለቤቶች ናቸው። በዚህ የማይስማማ ጓደኛ አለኝ፤ በየጊዜው እንከራከርበታለን። ክርክሩ ግን ግጥሙ ውስጥ ባለ ቃል ላይ ነው፤ ከውጭ አናመጣም።

የፈረስ ስም አለማወቅ

ይህን በቃላችሁ ያዙት። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። አብዛኞቹ በዕለት ተዕለት ንግግር የምንላቸው ቃላት ናቸው። ዳኘው፣ ጠቅል፣ ነጋ፣ ቃኘው፣ መላ። ገጣሚ «ነጋ» ብሎ ስለ ንጋት ያወራ መስሎ ስለ አሉላ ሊያወራ ይችላል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር ቃኘው የተባለው በራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው የዚያን ዘመን ግጥም ሲያነብ «ቃኘው» የምትለዋ ቃል ዝም ብላ ታልፈዋለች።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። ተሾመ፣ ከበደ፣ ታደሰ፣ ሁሉም ግሥ ናቸው። በፖለቲካ ግጥም ውስጥ «ተሾመ» ስታዩ ሰው ነው ወይስ ሹመት ብላችሁ ሳትጠይቁ አትለፉ።

ፊደሉን መናቅ

ዛሬ ሁሉም ሰው በአንድ «ሰ» እና በአንድ «ሀ» ይጽፋል። ለመልእክት መላላኪያ ምንም አይደለም። ለቅኔ ግን ጉዳት አለው። «ሠረቀ» በንጉሡ «ሠ» ወጣ፣ ፈነጠቀ ነው፤ ለፀሐይ ይባላል። «ሰረቀ» በእሳቱ «ሰ» ያው ሌብነቱ ነው። ለሹም «ሠረቀ» ብሎ የሚያወድስ ሰው በጆሮ ሲሰማ ምን እያለ እንደሆነ አስቡት። «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት ነው። ሹም ለሕዝቡ ድኅነትን አመጣ ሲባል ጆሮ ሁለቱንም ይሰማል። የሚሰማው ሕዝብም ደንቆሮ አይደለም።

ስለዚህ ግጥም ስትገለብጡ በጽሑፉ ላይ እንዳለ ገልብጡ። «ያው ነው» ብላችሁ ፊደሉን አትቀይሩ። ከሰው አፍ የሰማችሁት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ፊደል ሞክሩ።

ቶሎ ቶሎ የማልፋቸው

ቃል በዘፈቀደ መሰንጠቅ። «መንግሥት»ን «መን» እና «ግሥት» ብሎ ከፍሎ ትርጉም የፈለገ አይቻለሁ። ስንጥቁ ሁለቱም ወገን ቃል ካልሆነ፣ ከስንኙም ጋር ካልሄደ ተዉት።

ቀለም፣ ማለትም በአፍ ሲነገር የሚሰማውን ክፍለ ቃል፣ አለመቁጠር። ከላይ ያሉት ሁለቱ ግጥሞቼ የወል ቤት በሚባለው ምጣኔ የተገጠሙ ናቸው፤ በያንዳንዱ ሐረግ፣ ማለትም በግማሽ ስንኝ፣ ስድስት ስድስት ቀለም። በስልክ የሚዘዋወር ግጥም ላይ አንድ ሐረግ ካጠረ ወይም ከረዘመ፣ ሰው ሲቀባበል ቃል ጥሏል ወይም ጨምሯል። የተበላሸ ግጥም ላይ ሌሊቱን አትጨርሱ፤ ትክክለኛውን ፈልጉ።

ሁሉንም ከግእዝ ቅኔ ሕግ ጋር ማስተካከል። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤት ሊቃውንት ለጉባኤ ቃና፣ ለሁለት ቤቱ የግእዝ ቅኔ፣ ያወጡት ሥርዓት ትልቅ ነው፤ ሜዳ ላይ የተገጠመን የአማርኛ ግጥም ግን በዚያ ሚዛን ብቻ አትጣሉት።

የሚኖር ገጣሚን ማጋለጥ

ይህን ሆን ብዬ ነው ወደ ኋላ ያስቀረሁት፤ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። የፖለቲካ ቅኔ ሰም የሚለብሰው ለውበት ብቻ አይደለም። ለጥበቃም ነው። በዚህ አገር ሳንሱር በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የጻፈ ሰው «እኔ ስለ ወንዝ ነው የጻፍኩት» ማለት መቻል ነበረበት። ሕጉ ከወጣ በኋላም ቢሆን ያ መከላከያ የሚያስፈልገው ሰው አልጠፋም።

እናንተ ደግሞ ግጥሙን ትወስዱና ስሙንና ፎቶውን ጨምራችሁ፣ «እገሌ ስለ እገሌ እንዲህ ብሎ ተሳደበ፤ ፍቺው ይኸው» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። ጎበዝ ለመባል። ገጣሚው በጥንቃቄ የለበሰውን ገፍፋችሁ አደባባይ ታቆሙታላችሁ። ፍቺያችሁ ትክክል ከሆነ አጋለጣችሁት። ስህተት ከሆነ ደግሞ ባልተናገረው አስከሰሳችሁት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ አላውቅም።

የሞቱ ነገሥታትን ግጥም እንደፈለጋችሁ ፍቱ፤ ስም ጥሩ፣ ዓመት ጥቀሱ፣ ተከራከሩ። በሕይወት ያለ ሰው የጻፈውን ስትፈቱ ግን የቃሉን አሠራር አሳዩ። የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላ፣ የትኛው ቃል ሁለት እንደሚሆን ጻፉ። አንባቢው የቀረውን ራሱ ይደርስበታል። የሹሙን ስም አትጻፉ። ገጣሚው ራሱ ወጥቶ እስካልተናገረ ድረስ፣ አስተያየት መስጫው ላይ «ማንን ነው?» ብሎ ለሚጠይቃችሁም አትመልሱ።